ከመርሳት በሽታ ጋር የተያያዙ ጂኖችን በኮምፒውተር እንዴት መፈለግ ይቻላል?

የመርሳት በሽታ የብዙ በሽታዎች የጋራ ስም ነው። አልዛይመር፣ ከአንጎል የደም ሥሮች ጉዳት የሚመጣው፣ ሊዊ ቦዲ የሚባለውና ፍሮንቶቴምፖራል ዓይነቱ ምልክታቸው ቢቀራረብም ከጀርባቸው ያሉት ጂኖች ይለያያሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የትኛውን እንደሚፈልጉ ይወስኑ። እዚህ አልዛይመርን ይዘን እንሄዳለን፤ ብዙ መረጃ የተሰበሰበው ለእሱ ነውና።

1. መረጃውን መምረጥ

የእያንዳንዱ ሰው ጥሬ የዘረመል መረጃ የሚገኘው በፈቃድ ብቻ ነው። ለጀማሪ የሚመቸው የማጠቃለያ ስታቲስቲክስ የሚባለው ፋይል ሲሆን፣ ጂዋስ ካታሎግ ከተባለው፣ መላውን ጂኖም (የሰውን ሙሉ ዲኤንኤ) የሚፈትሹ ጥናቶችን ውጤት ከሚሰበስበው የመረጃ ቋት በነጻ ይወርዳል። እያንዳንዱ መስመር አንድ የዘረመል ልዩነትን ይይዛል፦ ክሮሞዞሙን፣ ቦታውን፣ ሁለቱን አሊሎች (በቦታው ላይ የሚገኙትን አማራጭ ፊደላት)፣ የተጽእኖውን መጠን፣ ስታንዳርድ ኤረሩን (የመጠኑን የስህተት ስፋት) እና ፒ-ቫልዩውን (ግንኙነት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የሚታይበትን ዕድል)። መስመሮቹ ከ10 ሚሊዮን ሊበልጡ ስለሚችሉ 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ኮምፒውተር ይመረጣል።

ታማሚ የተባለው ማን እንደሆነ ሳያጣሩ አይለፉ። በ2019 የወጣው አንድ ትልቅ ጥናት 35,274 ታማሚዎችን ከ59,163 ጤነኞች ጋር አነጻጽሯል፤ ታማሚዎቹ በሐኪም ወይም በአስከሬን ምርመራ የተረጋገጡ ነበሩ። በ2022 የወጣው ደግሞ 111,326 ታማሚዎችን ከ677,663 ጤነኞች ጋር አነጻጽሮ 75 የጂኖም ቦታዎችን አገኘ፤ ነገር ግን ከታማሚዎቹ ጎን ከተቆጠሩት ከፊሎቹ ራሳቸው ያልታመሙ፣ ወላጃቸው የመርሳት በሽታ እንደነበረበት የተናገሩ ሰዎች ናቸው። ይህ ቁጥር ያበዛል፣ ጥራት ግን ይቀንሳል፤ ልጅ ከወላጁ የሚወርሰው ግማሹን ብቻ ስለሆነ የሚለካው ተጽእኖም በግማሽ ገደማ ያንሳል። ሁለቱን ዓይነት ፋይሎች ማስተካከያ ሳያደርጉ አይቀላቅሉ።

2. ማጽዳት

ከሥራው ሰፊውን ጊዜ የሚወስደው ይህ ነው፤ መውሰዱም ተገቢ ነው። በጥሬ መረጃ የሚሠሩ ከሆነ ፕሊንክ በተባለው ፕሮግራም ከ2 በመቶ በላይ ያልተነበቡ ልዩነቶችን፣ ቀጥሎም ከ2 በመቶ በላይ የዘረመል መረጃቸው የጎደለ ሰዎችን ያስወጡ። በጤነኞቹ ላይ ለሃርዲ-ዋይንበርግ ሚዛን (ከአሊሎቹ ብዛት ለሚጠበቀው የአሊል ጥንዶች ድርሻ) ፒ-ቫልዩው ከ0.000001 በታች የሆነውን ይጣሉ፤ ብዙ ጊዜ የንባብ ስህተት ነው። የዝምድና መለኪያው ከ0.0884 ከበለጠ ሁለቱ ሰዎች ቢያንስ የአያትና የልጅ ልጅ ያህል ይዛመዳሉ፤ አንዱን ያስወጡ።

በማጠቃለያ ፋይል ላይ ደግሞ ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው የጂኖም ስሪት፣ ማለትም ቦታዎቹ የተቆጠሩበት የማመሳከሪያ ጂኖም እትም ነው። አርኤስ429358 የተባለው ልዩነት በክሮሞዞም 19 ላይ፣ በጂአርሲኤች37 ስሪት 45,411,941 ላይ ሲገኝ፣ በጂአርሲኤች38 ግን 44,908,684 ላይ ነው። ስሪቶቹ ከተደባለቁ ፕሮግራሙ ስህተት ሳያሳይ የተሳሳተ ጂን ሊሰጥዎት ይችላል። ሁለተኛው ኤ/ቲ ወይም ሲ/ጂ አሊል ያላቸው ልዩነቶች ናቸው፤ ከየትኛው የዲኤንኤ ገመድ እንደተነበቡ ከፊደሉ ብቻ አይለይም። የአንዱ አሊል ድርሻ በሕዝቡ ውስጥ በ0.4 እና በ0.6 መካከል ከሆነ ያስወጧቸው፤ አለዚያ አደጋ የሚጨምረው አሊል ተከላካይ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

3. መፈተሽ

ጥሬ መረጃ ካለዎት ለእያንዳንዱ ልዩነት ሎጂስቲክ ሪግሬሽን (ልዩነቱ ከመታመም ጋር መያያዙን የሚለካ የስታቲስቲክስ ስሌት) ያካሂዱ። ጾታን፣ ዕድሜንና የዘር ግንድ ልዩነትን የሚለኩ የመጀመሪያዎቹን 10 ፕሪንሲፓል ኮምፖነንቶች ያካትቱ። የኋለኞቹ ከተረሱ የሚያገኙት የበሽታ ጂን ሳይሆን ሰዎቹ ከየት እንደመጡ የሚናገር ልዩነት ሊሆን ይችላል። ዕድሜም ያታልላል፤ ጤነኞቹ የ50 ዓመት ሰዎች ከሆኑ ወደፊት የሚታመሙ በመካከላቸው አሉ።

የፒ-ቫልዩው የመቀበያ መስመር 0.00000005 ነው። ይህ 0.05 በጂኖም ውስጥ አሉ ተብሎ ለሚገመቱት 1 ሚሊዮን ያህል እርስ በርስ የማይደገፉ ፈተናዎች ሲካፈል የሚገኝ ነው። መስመሩን ያለፉትን በ500 ሺህ ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ክልል እየሰበሰቡ አንድ ቦታ ብለው ይቁጠሩ፤ ጎረቤታሞች አብረው ስለሚወረሱ መቶ ልዩነት አንድ ምልክት ብቻ ሊሆን ይችላል።

በክሮሞዞም 19 ላይ ያለው አፖኢ ጂን ለብቻው መታየት አለበት። ከአልዛይመር ጋር ያለው ግንኙነት በ1993 የታወቀ ሲሆን ጉልበቱ ሁሉንም ይሸፍናል። በአርኤስ429358 እና በአርኤስ7412 ላይ ሁለቱም ሲ ከሆኑ የአፖኢ አሊሉ አደጋ የሚጨምረው 4ኛው ዓይነት፣ ሁለቱም ቲ ከሆኑ 2ኛው ዓይነት ነው። ልዩነቶችን በቦታቸው ብቻ ለጂን የሚመድበው ማግማ የተባለው ፕሮግራም ቶም40፣ አፖሲ1 እና ኔክቲን2 የተባሉትን ጎረቤቶች ሁሉ ጥፋተኛ አድርጎ ያወጣቸዋል። ስለዚህ ከአፖኢ በግራም በቀኝም 1 ሚሊዮን ቤዝ አውጥተው ትንታኔውን ይድገሙ፤ ያኔም የቀረው ውጤት ይታመናል።

4. ከቦታ ወደ ጂን

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የተገኘው ቦታ ጂን አይደለም፤ ቅርብ የሆነውን ጂን መጥራትም መልስ አይሆንም። በክሮሞዞም 11 ላይ ያለ አንድ ቦታ በ2013 ሴልፍ1 በተባለው ጂን ስም ተመዘገበ። በ2017 ግን በነጭ የደም ሴሎች ላይ የተሠራ ጥናት ልዩነቱ የሚቀይረው ስፓይ1 የተባለውን፣ የመከላከያ ሴሎችን ሥራ የሚመራ ጂን መጠን መሆኑን አሳየ።

ስለዚህ በመጀመሪያ ሱዚ በተባለው ዘዴ ከመቶዎቹ ልዩነቶች መካከል እውነተኛው መንስኤ በ95 በመቶ ዕድል የሚገኝበትን አጭር ዝርዝር ያውጡ። ማመሳከሪያው የሕዝብ መረጃ ከጥናቱ ሰዎች የዘር ግንድ ጋር መግጠም አለበት፤ ካልገጠመ ዝርዝሩ የሐሰት ይሆናል። ቀጥሎ ኮሎክ በተባለው ዘዴ የበሽታው ምልክትና የጂኑን መጠን የሚቀይረው ምልክት አንድ መሆናቸውን ይፈትሹ፤ የጋራ መንስኤ ዕድሉ ከ0.8 በላይ ከሆነ ጥሩ ማስረጃ ነው። የሚጠቀሙት የጂን መጠን መረጃ ከማይክሮግሊያ ቢሆን ይመረጣል። እነዚህ የአንጎል መከላከያ ሴሎች ከአንጎል ሴሎች ጥቂቱን ክፍል ብቻ ስለሚይዙ፣ በጅምላ በተፈጨ የአንጎል ቁራሽ ውስጥ ድምፃቸው ይዋጣል። ቢን1 የተባለውን ጂን እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚያዘው የዲኤንኤ ክፍል የተገኘው ሴሎቹ ተለይተው ሲታዩ ነው።

በክሮሞዞም 6 የመከላከያ ጂኖች ክልልና በክሮሞዞም 17 ላይ በማፕቲ ጂን ዙሪያ ግን ይህ ስልት ብዙም አይሠራም። ረጅም የዲኤንኤ ክፍል አንድ ላይ ስለሚወረስ ጥፋተኛውን መለየት አይቻልም። እንደዚያው ብለው ይጻፉት።

5. ብርቅዬዎቹን አለመርሳት

ስርጭታቸው ከ1 በመቶ በታች የሆኑ ልዩነቶችን ማስወጣት የተለመደ ነው፤ ግን ትሬም2 በተባለው ጂን ላይ ያለው ታዋቂው ልዩነት አብሮ ይጠፋል፤ ከዚያ በታች ነውና። እንዲህ ላሉት ሙሉ የዲኤንኤ ንባብ ያስፈልጋል። በአንድ ጂን ውስጥ ያሉትን ብርቅዬ ጎጂ ልዩነቶች ደምሮ በታማሚና በጤነኛ መካከል ማወዳደር ይገባል፤ ሶርል1 እና ኤቢሲኤ7 በዚህ ዓይነት ትንታኔ ጎልተው ይታያሉ።

6. በሌላ ሕዝብ ላይ መድገም

ማረጋገጫው ከመጀመሪያው ጋር አንድም ሰው የማይጋራ ስብስብ ላይ መሆን አለበት። የእንግሊዙ ባዮባንክ የተባለው የበጎ ፈቃደኞች የጤናና የዘረመል መረጃ ስብስብ በብዙ ጥናቶች ውስጥ ስላለ፣ ሁለት ጥናት የሚመስለው አንዳንዴ ያንኑ ሰው ሁለቴ መቁጠር ይሆናል። አቅጣጫው ተመሳሳይ ሆኖ መጠኑ ቢለያይ አይደንግጡ። የአፖኢ 4ኛው ዓይነት አደጋ እንኳ የአፍሪካ የዘር ግንድ ባላቸው ሰዎች ላይ ከአውሮፓውያን ያነሰ ሆኖ ተለክቷል። በአንድ ሕዝብ ብቻ የተሠራ የአደጋ ነጥብን (ከብዙ ልዩነቶች ተደምሮ የአንድን ሰው አደጋ የሚገምት ቁጥርን) ለሌላው ማዋል የማይገባውም ለዚህ ነው።