በመኪና ወደ ካናዳ፦ ቦርደር ላይ የሚያስቆሙን ችግሮችና መፍትሄያቸው

ከዋሽንግተን ዲሲ ቶሮንቶ በመኪና ከ8 እስከ 9 ሰዓት ይፈጃል። ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለለቅሶ ወይም የናያግራን ፏፏቴ ለማየት ብዙ ሰው ይሄዳል። ከመነሳታችን በፊት ዘይት እናስቀይራለን፣ ጎማ እናስነፋለን፣ ላይሰንስ መያዛችንን እናያለን። ቦርደር ላይ ግን ሰው የሚመለሰው በመኪናው ምክንያት አይደለም፤ በወረቀት ነው። ወረቀቱም የሹፌሩ ብቻ አይደለም። ኦፊሰሩ መኪናው ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ሰው ለየብቻ ነው የሚያየው። የአንዱ ወረቀት ከጎደለ የሁሉም መንገድ ይበላሻል። ስለዚህ ይህን ስታነቡ አብረዋችሁ የሚሄዱትን ሁሉ እያሰባችሁ አንብቡ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ላይሰንሴ ላይ ኮከብ አለ፤ እሱን ባሳይ አይበቃም?»

አይበቃም። ኮከብ ያለበት ሪል አይዲ አገር ውስጥ አውሮፕላን ለመሳፈርና የፌደራል መሥሪያ ቤት ለመግባት ነው። ግሪን ካርድ ያለውም፣ ወርክ ፐርሚት ያለውም ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ የዜግነት ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም።

ድንበር የሚያሻግር ላይሰንስ ግን አለ። ኤንሃንስድ ላይሰንስ ይባላል። የሚሰጡት ሚሺጋን፣ ሚኒሶታ፣ ኒው ዮርክ፣ ቨርሞንትና ዋሽንግተን ስቴት ብቻ ናቸው፤ ለአሜሪካ ዜጋ ብቻ ነው፤ የሚሠራውም በየብስና በባሕር ነው። ሲያትልና ሚኒያፖሊስ ያላችሁ ዜጎች ይህ ዕድል አላችሁ። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ያለነው የለንም። ለእኛ መፍትሄው ፓስፖርት ወይም ፓስፖርት ካርድ ነው። ካርዱ ከፓስፖርት ደብተሩ በጣም ይረክሳል፤ በመኪና ለሚመላለስ ሰው ይበቃል፤ ወደ ውጭ አገር በአውሮፕላን ለመሄድ ግን አይሆንም። ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ዜጋ ልጆች በመኪና ሲሄዱ የልደት ሰርተፊኬት ይበቃቸዋል።

«ግሪን ካርድ ይዤ መለሱኝ»

ይህ አሁንም ብዙ ሰው የሚያደናግር ነገር ነው፤ ምክንያቱም ድሮ በግሪን ካርድ ብቻ የገባ ዘመድ ስላለን እሱን አምነን እንሄዳለን። ሕጉ ግን ተቀይሯል። ከአፕሪል 26 ቀን 2022 ጀምሮ ካናዳ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ሁለት ነገር ትጠይቃለች፤ ያልተቃጠለ (ጊዜው ያላለፈ) ግሪን ካርድና ጊዜው ያላለፈበት የዜግነት አገር ፓስፖርት። ቪዛ አያስፈልግም። ኢቲኤ የሚባለው የካናዳ የኦንላይን መግቢያ ፈቃድም አያስፈልግም፤ ኢንተርኔት ላይ ለዚያ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ካለ አትክፈሉ።

እንግዲህ የብዙዎቻችን ችግር እዚህ ላይ ነው። ግሪን ካርድ ካገኘን በኋላ የኢትዮጵያ ፓስፖርታችን መሳቢያ ውስጥ ይረሳል። ሠርጉ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አውጥተን ስናየው ተቃጥሏል። መፍትሄው አንድ ነው፦ ማሳደስ። በኤምባሲ በኩል የሚታደስ ፓስፖርት ጊዜ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የሠርጉ ጥሪ እስኪመጣ አትጠብቁ። ዛሬውኑ መሳቢያውን ክፈቱና ቀኑን እዩ።

የተቃጠለው ግሪን ካርዱ ከሆነስ? አይ-90 የሚባለውን የማሳደሻ ፎርም ያስገባ ሰው የሚደርሰው ደብዳቤ ከሴፕቴምበር 2024 ወዲህ የካርዱን ጊዜ በ36 ወር ያራዝማል። ከካርዱ ጋር ዋናውን ደብዳቤ ያዙ። ፎቶው ስልኬ ላይ አለ ማለት አያዋጣም።

በአሳይለም ወይም በስደተኛነት የመጣችሁና ገና ግሪን ካርድ ያላገኛችሁ ነገሩ ይለይባችኋል። ስትመለሱ የምትገቡበት ሬፊውጂ ትራቭል ዶክመንት ከአሜሪካ፣ መግቢያ ቪዛ ደግሞ ከካናዳ ያስፈልጋችኋል። ትራቭል ዶክመንቱ የሚያገለግለው ለአንድ ዓመት ብቻ ስለሆነ ቪዛውን ከመጠየቃችሁ በፊት የቀረውን ጊዜ አስሉ። ለቪዛው አሻራ የሚሰጠው እዚሁ አሜሪካ ነው።

«ኬዜ ገና ነው፤ ፏፏቴውን አይቼ ብመለስ ምን አለበት?»

እዚህ ላይ እባካችሁ አጥብቃችሁ አንብቡኝ። የአሳይለም ኬዙ ያላለቀ ሰው አድቫንስ ፓሮል የሚባለውን ወጥቶ የመመለሻ ፈቃድ ሳይዝ ከአሜሪካ ቢወጣ ኬዙን እንደተወው ይቆጠራል። ወርክ ፐርሚት የመሥሪያ ፈቃድ እንጂ የመመለሻ ፈቃድ አይደለም። ለአንድ ሰዓትም ቢሆን፣ ለፎቶም ቢሆን መውጣት መውጣት ነው። ፓሮሉ በእጃችሁ ቢኖር እንኳ ሎየራችሁን ሳታማክሩ አትንቀሳቀሱ።

የሚያሳዝነው ሳያስቡት የሚሻገሩ ሰዎች መኖራቸው ነው። ምክንያቱን ካወቃችሁት ማምለጥ ቀላል ነው። ናያግራ ፎልስ የሚባል ከተማ ሁለት አለ፤ አንዱ ኒው ዮርክ፣ ሌላው ኦንታሪዮ ውስጥ። በመካከላቸው ወንዙና ሬይንቦ ብሪጅ አሉ። ጂፒኤስ ላይ «ናያግራ ፎልስ» ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ ወደ ኦንታሪዮው ሊመራችሁ ይችላል። ሆቴልም እንዲሁ ነው፤ ቡክ ስታደርጉ አድራሻው ኒው ዮርክ ይላል ወይስ ኦንታሪዮ የሚለውን እዩ።

መፍትሄው ይኸውላችሁ። ጂፒኤሱ ላይ «ናያግራ ፎልስ ስቴት ፓርክ፣ ኒው ዮርክ» ብላችሁ ጻፉ። ፏፏቴው ከአሜሪካም በኩል በደንብ ይታያል፤ ጀልባውም ከዚህ በኩል አለ። አሜሪካ ውስጥ ያለው የመጨረሻ ኤግዚት መሆኑን የሚናገር ምልክት ስታዩ በዚያው ውጡ፤ ቀጥሎ መዞሪያ ይኖራል ብላችሁ አትገምቱ። ዲትሮይት ላይ ደግሞ አምባሳደር ብሪጅ፣ ቡፋሎ ላይ ፒስ ብሪጅ ከሃይዌዩ ጋር በቀጥታ የተያያዙ ናቸው። ሌይን ተሳስቶ መግባት የማንም ሰው ስህተት ነው፤ ኬዝ ላይ ያለ ሰው ግን የሚከፍለው ዋጋ ከሌላው ይበልጣል። ስለዚህ እዚያ አካባቢ ኬዝ ያለው ሰው ባይነዳ፣ አጠገቡም መንገዱን የሚያውቅ ሰው ቢቀመጥ ይሻላል።

«ካናዳ ሄጄ አሳይለም እጠይቃለሁ» ለሚሉም አንድ ነገር ልበል። ሁለቱ አገሮች ስምምነት አላቸው። በየብስ ድንበር የመጣን ጠያቂ ካናዳ ወደ አሜሪካ ትመልሰዋለች። ከማርች 25 ቀን 2023 ጀምሮ ይህ በመደበኛው መግቢያ ብቻ ሳይሆን በድንበሩ ሁሉ ይሠራል። ካናዳ ውስጥ የቅርብ ቤተሰብ ላለው ሰው የተለየ ሁኔታ አለ፤ እሱን ግን ከሎየር ጋር እንጂ ከጓደኛ ጋር አትወስኑት።

«ልጄ ናት ብል አላመኑኝም»

የኛ የስም አጠራር ለኦፊሰሩ እንግዳ ነው። አባትየው በአባቱ ስም፣ እናትየው በአባቷ ስም፣ ልጆቹ በአባታቸው ስም ይጠራሉ። በአንድ መኪና ያለ አንድ ቤተሰብ ሦስት የተለያየ ላስት ኔም ይዞ ይቀርባል። እናት ብቻዋን ልጆቿን ይዛ ስትሄድ ደግሞ ስሟ ከልጆቿ ጋር ጭራሽ አይገናኝም። ኦፊሰሩ የሚጠይቀው ሕፃን ተሰርቆ እንዳይወጣ ነው፤ ስለዚህ አትቆጡ፤ ተዘጋጅታችሁ ሂዱ።

የልጁን የልደት ሰርተፊኬት ያዙ፤ የሁለቱም ወላጅ ስም እዚያ ላይ አለ። አንዱ ወላጅ ከቀረ የፈቃድ ደብዳቤ ይጻፍና ኖተራይዝ ይደረግ። የቀረው ወላጅ ስልክ፣ የምትሄዱበት አድራሻና የምትመለሱበት ቀን ይግባበት። አክስት ወይም አያት ልጆቹን ይዛ የምትሄድ ከሆነ የሁለቱም ወላጆች ደብዳቤ ያስፈልጋታል። ዜግነት ሲወስዱ ስም የቀየሩም አሉ፤ ፓስፖርታቸው አዲሱን፣ ላይሰንሳቸው የድሮውን ስም ይላል። እነሱ የስም መቀየሪያውን ወረቀት ይያዙ።

መኪናውን በተመለከተ

መኪናው የሌላ ሰው ከሆነ፣ የባልም የሚስትም ቢሆን፣ ሪጅስትሬሽኑንና የባለቤቱን አጭር የፈቃድ ደብዳቤ ያዙ። የተከራያችሁት ከሆነ ካናዳ መሄድ እንደሚቻል ውሉ ላይ መጻፉን ከቢሮው ሳትወጡ አረጋግጡ።

የአሜሪካ የግል መኪና ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ ካናዳም ይሠራል። ደውላችሁ ኢንሹራንሳችሁ ካናዳ ውስጥ እንደሚሠራ የሚያሳየውን የካናዳ ኖን-ሬዚደንት ካርድ ላኩልኝ በሉ፤ ኦንታሪዮ የምትጠይቀው ዝቅተኛ ሽፋን 200,000 የካናዳ ዶላር ነው። ታክሲ ወይም ኡበር የምትነዱ ወንድሞችና እህቶች ግን ተጠንቀቁ። የንግድ ኢንሹራንስ የተወሰነ ክልል ብቻ ሊሸፍን ይችላል። የሚሸፍን ከሆነ በጽሑፍ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ።

ላይሰንሱ ላይ ብዙም ችግር የለም። ኦንታሪዮ ለጉብኝት እስከ 3 ወር ድረስ በአሜሪካ ላይሰንስ መንዳት ይቻላል፤ ኢንተርናሽናል የሚባለው የመንጃ ፈቃድ አያስፈልግም። ለሌላ አገር ካስፈለጋችሁ ትሪፕል ኤ (AAA) የሚባለው የአሜሪካ የአሽከርካሪዎች ማኅበር ጋ ሄዳችሁ አውጡ። ኦንላይን ለብዙ ዓመት የሚያገለግል «ኢንተርናሽናል ላይሰንስ» የሚሸጡት አጭበርባሪዎች ናቸው።

የድሮ ጥፋት

ጠጥቶ በመንዳት የተፈረደበት ሰው ላይሰንሱ ተመልሶለት፣ ቅጣቱን ጨርሶ፣ ነገሩን ረስቶት ይሆናል። ካናዳ ግን ታየዋለች፤ የአሜሪካ ሪከርድ ኮምፒውተራቸው ላይ ይመጣል። ከዲሴምበር 18 ቀን 2018 ጀምሮ ደግሞ ይህ ጥፋት በካናዳ ሕግ ከከባድ ወንጀል ተቆጥሯል። መፍትሄው ሁለት ነው። ቅጣቱ ካለቀ 5 ዓመት ከሞላ ሪሃቢሊቴሽን የሚባለውን፣ የድሮው ጥፋት ከመግባት እንዳይከለክል የሚያደርገውን ውሳኔ ማመልከት፤ ካልሞላ ለአንድ ጉዞ ጊዜያዊ ፈቃድ መጠየቅ። ሁለቱም ከቤት ሆኖ፣ አስቀድሞ የሚጀመር ነው። ከተጠየቃችሁ አትዋሹ። ውሸት ራሱን የቻለ ሌላ ጥፋት ነው፤ ለዓመታት ሊያስከለክላችሁ ይችላል።

ዕቃ

ጫት በሁለቱም አገር ክልክል ነው። ማንም ሰው «ለእገሌ አድርስልኝ» ብሎ የታሰረ ዕቃ ቢሰጣችሁ ሳትፈቱ አትጫኑ። ማሪዋና ሁለቱም ወገን ቢሸጥም ድንበር ማሻገር ወንጀል ነው። ፔፐር ስፕሬይ ካናዳ አይገባም፤ የቁልፍ መያዣችሁ ላይ ካለ ቤት ተዉት። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና፣ ቅቤ፣ ምንም ይሁን ሲጠይቋችሁ ተናገሩ። የተናገሩት ዕቃ ቢበዛ ይወሰዳል፤ የደበቁት ግን ያስቀጣል።

ከተሻገራችሁ በኋላ የፍጥነቱ ቁጥር በኪሎ ሜትር ነው፤ 100 ማለት 62 ማይል ገደማ ነው። ራዳር ዲቴክተር ኦንታሪዮ ውስጥ ክልክል ስለሆነ ከመስታወቱ ላይ አንሱት። ቶሮንቶ ስትቃረቡ ጂፒኤሱ 407 የሚባለውን የክፍያ መንገድ ካሳያችሁ፣ እዚያ ኢዚ ፓስ አይሠራም። ካሜራው ታርጋችሁን ያነሳል፤ ሂሳቡም ውድ ነው። ጂፒኤሱን ክፍያ ያለበትን መንገድ እንዲተው አስቀድማችሁ አስተካክሉት።