አዲስ ሆም ቲያትር ሲገጠም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ለጎጃም ቤቶች

ሆም ቲያትር በመጫወት ብዛት የሚበላሸው አልፎ አልፎ ነው። ቶሎ የሚገድለው መብራት ሄዶ ሲመጣ አብሮ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልት፣ የክረምቱ መብረቅ እና አየር የማያስገባ ቡፌ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ሲመደብ መጀመሪያ መከላከያው ይታሰብ፤ የድምፁ ጥራት ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ይጀምራል።

ቮልቱን ሳያነቡ መሰካት

የአገራችን የቤት ኮረንቲ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ዕቃ ግን ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ካርቶኑን እንደከፈቱ ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ ይመልከቱ። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ በቀጥታ ይሰካል። 120 ብቻ ካለ መቀነሻ ትራንስፎርመር የግድ ነው፤ ትራንስፎርመሩም ዕቃው ከሚወስደው ዋት ቢያንስ በሩብ የሚበልጥ ይሁን። አንዳንዱ ከጀርባው በካቻቢቴ የሚገፋ ትንሽ የቮልት መምረጫ አለው። እሱ 110 ላይ እንደሆነ 220 ላይ ከተሰካ ፊዩዙ ይበጠሳል፤ ፊዩዙ ካልቀደመ ደግሞ ፓወር ሰፕላዩ ይቃጠላል።

ዲቫይደርን መከላከያ ነው ብሎ ማመን

ቀይ ማብሪያና መብራት ያለው ዲቫይደር ገዝቶ «መከላከያ አድርጌያለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ዲቫይደር አንዱን ሶኬት ለብዙ ስፒና ከማካፈል በቀር ምንም አያደርግም። ሰርጅ ፕሮቴክተር ለቅጽበት የሚወረወር ከፍተኛ ቮልትን ወደ መሬት ያወርዳል። ስታብላይዘር ደግሞ ለደቂቃዎችና ለሰዓታት ከፍ ወይም ዝቅ ያለ ቮልትን ያስተካክላል፤ ጥሩው ከአቅሙ ሲያልፍም ይቆርጣል። ሥራቸው ስለሚለያይ አንዱ የሌላውን አይሸፍንም።

እኛ ዘንድ በጣም የሚያስፈራው የኒውትራል መላላት ነው። ከምሰሶው ወደ ሰፈሩ የሚመጡት ሦስት ፌዞች እርስ በርሳቸው 380 ቮልት አላቸው፤ በየቤታችን 220 የሚሆነው ኒውትራል ስላለ ነው። ነፋስ ወይም ዝገት ያንን ሽቦ ሲያላላው የአንዱ ቤት ቮልት ይወርዳል፣ የሌላው ወደ 380 ይጠጋል። አምፖሎች ከልክ በላይ ሲደምቁና የጎረቤት ሲደበዝዝ ካዩ ይህ ነው፤ ወዲያውኑ ዋናውን ብሬከር ያውርዱ። በዚህ ጊዜ ተራ ሰርጅ ፕሮቴክተር ራሱ ይቃጠላል። የሚያድነው ቮልት ሲያልፍ የሚቆርጥ ስታብላይዘር ነው። ሲገዙ የሚቀበለውን ቮልት ዝቅተኛና ከፍተኛ ልክ፣ ከልክ ሲያልፍ የሚቆርጥ መሆኑን እና መብራት ሲመጣ ጥቂት ቆይቶ የሚለቅ መሆኑን ጠይቀው ያረጋግጡ። መብራት በመጣ የመጀመሪያው ደቂቃ ቮልቱ የሚዋዥቅበት ጊዜ ስለሆነ ያቺ መዘግየት ትልቅ ዋጋ አላት።

መጠኑን ለመምረጥ የዕቃዎቹን ዋት ይደምሩ። ሆም ቲያትሩ 150፣ ቴሌቪዥኑ 120፣ ሪሲቨሩ 20 ቢወስዱ 290 ዋት ይሆናል። ርካሽ ስታብላይዘሮች ላይ የሚጻፈው ቁጥር ሁልጊዜ ስለማይታመን ለዚህ 1,000 ቪኤ (የስታብላይዘር አቅም መለኪያ) የሚል ይውሰዱ። ፍሪጅ ግን እዚያው ላይ አይጨመር፤ ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ቮልቱን ይጎትታል።

የእንጀራ ምጣድ የባሰ ነው። 3 ሺህ ዋትና ከዚያ በላይ ስለሚወስድ ከ13 አምፔር በላይ ይስባል። ከጎረቤት ቆጣሪ በቀጭን ሽቦ ተጠልፎ የመጣ መስመር ላይ ምጣድ ሲሰካ የሳሎኑ ቮልት ወዲያው ይወርዳል፣ ሲነቀል ይዘላል፤ ስታብላይዘሩም ቀኑን ሙሉ ጠቅ ጠቅ ይላል። ምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ የራሱ መስመር ይውጣለት፤ ለሳሎን ሶኬቶችም የተለየ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ይዘርጋ።

ያለ ኧርዝ ሰርጅ ፕሮቴክተር መግዛት

ሰርጅ ፕሮቴክተር ትርፉን ቮልት የሚያወርደው በዋናነት ወደ መሬት በሚሄደው ሦስተኛ ሽቦ፣ ማለትም በኧርዝ ነው። በብዙ ነባር ቤቶች ግን ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ይኑረው እንጂ ከኋላው ሦስተኛ ሽቦ የለም። ኤሌክትሪሺያን ጠርተው ሶኬቱን ያስፈትሹ። ከሌለ ከቤቱ ውጭ መዳብ የተለበጠ ዘንግ ቢያንስ 1.5 ሜትር ወደ መሬት ይቀበር፣ ሽቦውም በጠንካራ መያዣ ይታሰር። ኒውትራሉን ከኧርዝ ቀዳዳ ጋር ማገናኘት አቋራጭ መስሎ ይታያል፤ ኒውትራሉ የተበጠሰ ቀን ግን የሆም ቲያትሩን ብረት የነካ ሰው ኮረንቲ ይይዘዋል። ይህን «ዘዴ» የሚያቀርብልዎትን ሰው አይቀበሉት።

ቢቸናና ደጀን አካባቢ ባለው ጥቁር ዋልካ አፈር ላይ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቅና ከዘንጉ ይላቀቃል፤ በክረምት በደንብ የሠራ ኧርዝ በመጋቢትና በሚያዝያ ጨርሶ ሊዳከም ይችላል። ዘንጉን የዕቃ ማጠቢያ ውኃ በሚፈስበት ቦታ መቅበር ወይም በበጋ በየሳምንቱ አንድ ባልዲ ውኃ ማፍሰስ ይረዳል።

በመብረቅ ጊዜ ስፒናውን ብቻ መንቀል

ከሰኔ እስከ መስከረም ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር አብዛኛው ቤት የቴሌቪዥኑን ስፒና ይነቅላል። ጥሩ ነው፤ ግን ግማሽ ሥራ ነው። ጣሪያ ላይ ያለው ዲሽ ብረት ነው፣ ከእሱ የሚወርደው ገመድም መዳብ ነው። መብረቅ ቆርቆሮውን ባይመታ እንኳ አጠገቡ ሲወድቅ በገመዱ ውስጥ ከፍተኛ ቮልት ይፈጠራል። መንገዱም ቀጥታ ነው፦ ከዲሽ ወደ ሪሲቨር፣ ከሪሲቨር በኤችዲኤምአይ (ምስልና ድምፅ በሚያስተላልፈው ገመድ) ወደ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥን ወደ ሆም ቲያትር። ስፒናው ተነቅሎ ሳለ የኤችዲኤምአይ መግቢያው ብቻ ተቃጥሎ የሚገኝ ዕቃ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ስለዚህ የሚነቀለው ሁለት ነገር ነው። የስታብላይዘሩን ስፒና ከግድግዳው ሶኬት፣ የዲሹን ገመድ ደግሞ ከሪሲቨሩ ጀርባ አዙረው ያውጡና ጫፉን ከዕቃዎቹ ቢያንስ አንድ ሜትር ያርቁት። በማብሪያ ማጥፋት እንደ መንቀል አይቆጠርም፤ ብልጭታው ኪሎ ሜትሮችን አየር አቋርጦ የመጣ ስለሆነ የማብሪያው ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት አያቆመውም። በቅርብ የወደቀን መብረቅ ሰርጅ ፕሮቴክተርም ስታብላይዘርም አይመልሱትም።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ብልጭታ ካዩ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ይቁጠሩ፤ 3 ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ደመናው በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፤ ያን ጊዜ ገመድ መንካት ለራስዎ አደገኛ ስለሆነ ዕቃውን ይተዉት። ከጮቄ በኩል ደመና ሲከማች፣ ገና ነጎድጓድ ሳይሰማ፣ መንቀሉ ነው ትክክሉ። ልጆች ገመዱን እንዳይነቅሉ ይከልክሉ። ወደ ገጠር ወይም ወደ ንግሥ ሲሄዱም ሰማዩ ጠርቶ ቢሆን እንኳ ነቅለው ይሂዱ።

በቡፌ ውስጥ መቆለፍና ዳንቴል ማልበስ

አምፕሊፋየር (ድምፁን የሚያጎላው ክፍል) ከሚወስደው ኮረንቲ ብዙውን ወደ ሙቀት ይቀይራል። ሙቀቱ የሚወጣው በላይና በጎን ባሉት ቀዳዳዎች ነው። ቡፌው መስታወት በር ካለው ሲጫወት ይከፈት፣ የኋላ ጣውላውም በሰፊው ይቀደድ፤ ከላይ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ከጎንና ከጎን 5 ሳንቲ ሜትር ክፍት ይተዉ። ሪሲቨሩን በአምፕሊፋየሩ ላይ አይደርድሩ። ዳንቴሉ ለአቧራ ጥሩ ነው፤ ዕቃው ከጠፋና ከቀዘቀዘ በኋላ ያልብሱት፣ ከማብራትዎ በፊት ደግሞ ያንሱት።

የከፍታው ነገር ብዙ ሰው አያስበውም። አንዳንድ ዕቃዎች ላይ «ከ2,000 ሜትር በታች» የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አያሳስብም፤ ደብረ ማርቆስ ግን 2,400 ሜትር ይሻገራል። በከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ኮረንቲን የመከልከል አቅሙም ይቀንሳል። ዕቃው አይሠራም ማለት አይደለም፤ ከላይ የተባለውን ክፍተት እጥፍ ማድረግና ለሰዓታት በሙሉ ድምፅ አለማስጮህ ይበቃል።

የቡና ከሰልና ዕጣን በቡፌው ሥር አይጨስ። ጢሱ ከአቧራ ጋር ተጣብቆ ማራገቢያውንና የዲቪዲውን ሌንስ ይሸፍናል። የአይጥ ነገር ደግሞ፦ ከጀርባ ያሉትን ገመዶች በፕላስቲክ ቱቦ ያስገቡ፣ እህልም ከሳሎን ይራቅ።

የስፒከር ሽቦ በጥድፊያ መግጠም

ከተላጠው ሽቦ አንድ ፀጉር የምታህል ጭራ ወጥታ ጎረቤቷን ስትነካ አምፕሊፋየሩ «ፕሮቴክት» ብሎ ይዘጋል፤ ርካሹ ደግሞ ይህን መከላከያ ስለማያውቅ ይቃጠላል። ሽቦውን 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይላጡ፣ በጣት አጥብቀው ያጠማዝዙ፣ አስገብተው ትንሽ ይጎትቱት። ሽቦ ሲቀጠል ቴፕ ይጠቅለልበት። ለኋላ ስፒከሮች የሚዘረጋ ከ5 ሜትር በላይ ሽቦ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ይሁን። ይህ ሁሉ የሚሠራው ስፒናው ተነቅሎ ነው።

ቀዩና ጥቁሩ ከተገለበጡ ስፒከሩ አይቃጠልም፤ ነገር ግን አንዱ ወደ ውጭ ሲገፋ ሌላው ወደ ውስጥ ስለሚስብ ባሱ ይጠፋል። የሽቦው ቀለም ካልለየ ከአምፕሊፋየሩ የተነቀለውን ሽቦ ጫፎች በ1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት ይንኩ። የባትሪው ፕላስ የነካው ሽቦ በስፒከሩ ቀይ በኩል ከሆነ የትልቁ ስፒከር ወረቀት ወደ ፊት ይዘላል። ወደ ኋላ ከገባ ተገልብጧል።

አምስቱንም ስፒከር ከቴሌቪዥኑ ጎን መደርደር

ለዓይን ያምራል፤ የተገዛበትን ጥቅም ግን ያጠፋል። መሐለኛው ከቴሌቪዥኑ ሥር ወይም በላይ ወደ ጆሮ ዞሮ ይቀመጣል፤ ንግግር የሚወጣው ከእሱ ነው። ግራና ቀኙ ከዋናው መቀመጫ እኩል ርቀት ላይ ይሁኑ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀትም ከመቀመጫው እስከ አንዳቸው ካለው ርቀት አይብለጥ። የኋለኞቹ ከሶፋው ጎን፣ ጥቂት ወደ ኋላ፣ ከጆሮ ከፍ ብለው ይሰቀላሉ። የባሱ ሳጥን ወለል ላይ እንጂ ቡፌ ላይ አይቀመጥ። ማዕዘን ውስጥ ሲገባ ድምፁ ይወፍራል፤ ካጉረመረመ 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ይሳቡት።

በጭቃ ቤት ውስጥ ብሎኑ ምርጊቱን ሳይሆን ከውስጥ ያለውን ቋሚ እንጨት መያዝ አለበት፤ በጣት አንኳኩተው ይፈልጉት። ብሎኬት ላይ ፊሸር ይግባ። ባዶ የሲሚንቶ ግድግዳና ወለል ድምፅ ያስተጋባል፤ ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ ከየትኛውም የድምፅ ማስተካከያ የበለጠ ይሠራሉ።

«የኋላዎቹ ሞተዋል» ብሎ ወደ ጥገና መውሰድ

አብዛኛው የዲሽ ጣቢያ የሚልከው ድምፅ ስቴሪዮ ነው፤ ስለዚህ የኋላ ስፒከሮች ዝም ቢሉ ላይገርም ይችላል። በሪሞቱ ሰራውንድ የሚለውን ይምረጡ ወይም የስፒከር ቴስት ያስጀምሩ፤ ሁሉም በየተራ ከጮሁ ጤነኛ ናቸው። በኤችዲኤምአይ ሲያገናኙ ገመዱ በሁለቱም ዕቃዎች «ኤአርሲ» (ARC) በተጻፈበት ቀዳዳ ይግባ፣ የቴሌቪዥኑም የድምፅ መውጫ ወደ ውጭ ስፒከር ይቀየር። በኦፕቲካል (ድምፅን በብርሃን በሚያስተላልፈው ገመድ) ከሆነ ከገመዱ ጫፍ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ማውጣትዎን አይርሱ።

ከአዲስ አበባ ሲመጣ ካርቶኑን መጣል

የአባይን በረሃ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ የሚሻገር ዕቃ ፎሙ ከሌለ የስፒከሩ ማግኔት ሊላቀቅ፣ የውስጥ ብየዳውም ሊሰነጠቅ ይችላል። ሱቁ ውስጥ ሁሉንም ስፒከር አስጩኸው ይሞክሩ፣ በመጣበት ፎም መልሰው ያሽጉ፣ ቀስቱ ወደ ላይ ሆኖ ይጫን። ቤት ሲደርስ ዕቃው በብርድ ውስጥ ቆይቶ ከሆነ ሁለት ሰዓት ሳይሰካ ይቆይ፤ ውስጡ ያዘለው ጤዛ እስኪደርቅ ነው። ደረሰኙና ካርቶኑ ዋስትናው እስኪያልፍ ይቀመጡ።

በፒኤምፒኦ ተማምኖ ለሰርግ ድንኳን ማውጣት

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው 5 ሺህ ወይም 10 ሺህ ዋት ፒኤምፒኦ (PMPO፣ ለቅጽበት ብቻ የሚባል ከፍተኛ ጉልበት) ለማስታወቂያ ነው። የሚታመነው አርኤምኤስ (RMS፣ ያለማቋረጥ የሚያወጣው ጉልበት) ነው፤ ከጀርባው የተጻፈው የኮረንቲ ፍጆታ 100 ዋት ከሆነ ዕቃው ያለማቋረጥ ከዚያ በላይ ድምፅ ሊያወጣ አይችልም። ለሳሎን የተሠራ ዕቃ ድንኳን ውስጥ እስከ ጥግ ሲከፈት አምፕሊፋየሩ የድምፁን ሞገድ ጫፍ ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠው ድምፅ በመጀመሪያ የሚያቃጥለው ትንሿን የቀጭን ድምፅ ስፒከር ነው። ድምፁ ሲሻክር ወይም ሲሰነጠቅ ከተሰማ እስኪጠራ ድረስ ይቀንሱ፤ በስልኩም በሆም ቲያትሩም ባስ ጨምረው ከሆነ አንዱን ወደ ዜሮ ይመልሱ። ጎረቤት ለሰርግ ከለመነዎት ለግቢ የሚሆን ስፒከር የሚያከራዩ ሰዎችን ያገናኟቸው።