የአሜሪካን የፋብሪካ ዘመን ሳትሸመድዱ ለማጥናት አንድ በሬ ተከተሉ

እዚህ አሜሪካ ሃይስኩል ዩኤስ ሂስትሪ የምትወስዱ ልጆች 1800ዎቹ መጨረሻ ላይ ስትደርሱ ግራ የምትጋቡት ለምን መሰላችሁ፣ መጽሐፉ ፋብሪካውን ለብቻ ስደተኛውን ለብቻ ከተማውን ለብቻ አድርጎ ስለሚያመጣው ነው፣ ነገሩ ግን አንድ ነው። የእህቴን ልጅ ሳስጠናት የሰራልን ዘዴ አንድ ከተማ ይዞ እሱን ብቻ መከተል ነው። ኒውዮርክን ተዉት ይበዛባችኋል፣ ቺካጎን ያዙ።

መጀመሪያ ባዶ ወረቀት ላይ ሁለት ቁጥር ጻፉ (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። 1870 ላይ ቺካጎ 300 ሺህ ሰው ገደማ፣ 1900 ላይ 1.7 ሚሊዮን ገደማ፣ ያውም መሃል ላይ በ1871 እሳት የከተማዋን እምብርት በልቶት።

ቀጥሎ አንድ በሬ ሳሉ፣ ስዕል ባትችሉም ግድ የለም። በሬው ከምዕራብ በባቡር መጥቶ በ1865 መጨረሻ የተከፈተው ዩኒየን ስቶክያርድ የሚባለው ትልቅ በረት ይገባል፣ ከዛ ቄራ። እዚህ ጋ ቆም በሉ። ድሮ አንድ ሥጋ ቆራጭ በሬውን ከማረድ እስከ መበለት ብቻውን ይጨርስ ነበር፣ ቄራው ግን ስራውን ሸንሽኖት አንዱ ቆዳ ብቻ ይገፋል አንዱ ጅራት ብቻ ይቆርጣል አንዱ ደም ብቻ ይጠርጋል፣ ቀኑን ሙሉ። ለዚህ ደግሞ ሙያም እንግሊዝኛም አያስፈልግም፣ ስለዚህ ትናንት የመጣው ፖላንዳዊ ወይ ሊቱዌኒያዊ ጠዋት በር ላይ ተሰልፎ በርካሽ ይገባል። ከበሬው ወደ ስደተኛው ቀስት አድርጉ። ደሞዙና ሰአቱ ሲያስመርር ደግሞ 1886 ይመጣል፣ በቀን 8 ሰአት ብቻ የመስራት ጥያቄና የሄይማርኬት ቦምብ (እዛው ቺካጎ ሄይማርኬት አደባባይ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ፖሊሶች ላይ የተወረወረው)፣ እሱን ባጭሩ ያዙት።

ሥጋው የቺካጎው የሥጋ ነጋዴ ጉስታቨስ ስዊፍት ባስፋፋው በበረዶ በሚቀዘቅዝ ፉርጎ ወደ ምስራቅ ከተሞች ይሄዳል፣ ባቡሩ ደግሞ ከዛ በኩል ሰው ያመጣል፣ ከ1892 ጀምሮ ኤሊስ አይላንድ (ኒውዮርክ ወደብ ላይ የነበረው የስደተኞች መቀበያ) የወረዱትን ጨምሮ።

ቆሻሻውን እንዳትረሱ! የቄራው ደምና አንጀት የሚደፋበት የቺካጎ ወንዝ ቅርንጫፍ ከስር እየበሰበሰ ጋዝ ሲያወጣ ውሃው እንደ ሽሮ ተክ ተክ ይል ነበር፣ ባብሊ ክሪክ (አረፋ የሚደፍቅ ጅረት) ያሉትም ለዛ ነው። ወንዙ የሚገባው ሚሺገን ሃይቅ፣ የሚጠጡት ውሃም የሚቀዳው ከዛው። በ1900 ቦይ ቆፍረው ወንዙን ወደኋላ አዞሩት፣ ቆሻሻው ወደ ሚሲሲፒ ወረደና ታች ያለችው የሚዙሪ ግዛት የቺካጎን ግዛት ኢሊኖይን ከሰሰች። ቀስታችሁን እስከዛ አድርሱት።