ባሕር ዳር አውርዶ ቢቸና መጫን፦ ፒፕን ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ እንዴት እንደምንጠቀም

የፓይተን ፕሮጀክት ያለ ፓኬጅ፣ ማለትም ሌሎች ጽፈው ካዘጋጁት ኮድ ውጭ፣ ብዙም አይራመድም። ዌብሳይት ከሆነ ጃንጎ፣ የእህል ዋጋ መዝገብ ከሆነ ፓንዳስ፣ ፎቶ ካለበት ፒሎው ይጠይቃል። እነዚህን ፓይፒአይ ከሚባለው ማከማቻ እያወረደ የሚጭነው ፒፕ ነው። አብዛኛው መመሪያ ኢንተርኔት ሁልጊዜ እንዳለ ቆጥሮ ይጀምራል። ሞጣ ወይም ቢቸና ባለ የኮምፒውተር ክፍል ግን 20 ማሽን ያንኑ ፓኬጅ 20 ጊዜ እንዲያወርድ ማድረግ ዳታም ጊዜም መጨረስ ነው። ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ፣ ኔትወርኩ ደህና በሆነ ሰዓት አንዴ ይወርዳል፤ በፍላሽ ይሄዳል፤ እዚያ ያለ ኢንተርኔት ይጫናል።

ትእዛዞቹን እዚህ የጻፍናቸው በአነባበባቸው ነው። ስትጽፏቸው በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ሁሉንም በትንንሹ ይሁን። የአማርኛ ኪቦርድ በርቶ እንዳይቀር፤ ሰረዟ የአማርኛ ከሆነች ፒፕ አያውቃትም። ሁለት ሰረዝ ባለበት ሰረዞቹ ከቃሉ ጋር ተያይዘው ይጻፋሉ፤ መሃላቸው ባዶ ቦታ የለም።

መጀመሪያ የፕሮጀክቱን ፎልደር ክፈቱ። ስሙ ገበያ ይሁን እንበል። ተርሚናሉን (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) እዚያው ፎልደር ውስጥ ክፈቱና ለፕሮጀክቱ የራሱን ክፍል ሥሩለት፦

ፓይተን -ኤም ቬንቭ ቬንቭ

የመጀመሪያው ቬንቭ መሣሪያው ነው፤ ሁለተኛው የሚፈጠረው ፎልደር ስም ነው። ኡቡንቱ በሚባለው ሊኑክስ ፓይተን3 ብላችሁ ጻፉ፤ ቬንቭ የለም ካላችሁ የኡቡንቱ ፕሮግራም መጫኛ በሆነው በአፕት ፓይተን3-ቬንቭ የሚባለውን ጫኑ። ክፍሉን ለመክፈት በዊንዶስ ቬንቭ\ስክሪፕትስ\አክቲቬት፣ በሊኑክስ ደግሞ ሶርስ ቬንቭ/ቢን/አክቲቬት ይባላል። መስመሩ መጀመሪያ ላይ ቬንቭ የሚል በቅንፍ ከመጣ ገብታችኋል። በዊንዶስ ፓወርሼል ስክሪፕት ማስኬድ ተከልክሏል ብሎ ቀይ ጽሑፍ ቢያወጣ አትጨነቁ፤ በተለመደው ሲኤምዲ ከፍታችሁ ያንኑ ትእዛዝ ድገሙት።

ይህን ደረጃ ዘሎ በቀጥታ መጫን ያጓጓል። ከኡቡንቱ 23.04 ወዲህ ግን ሲስተሙ ራሱ ይከለክላል፦ ኤክስተርናሊ ማኔጅድ ኢንቫይሮንመንት የሚል ስህተት ያወጣል። ክልከላውን ሰብሮ የሚያልፍ አማራጭ ቢኖርም አትንኩት፤ ኡቡንቱ ራሱ የሚሠራበትን ፓይተን ልታበላሹ ትችላላችሁ።

አሁን ጫኑ፦

ፒፕ ኢንስቶል ጃንጎ~=5.2.0

ይህ ማለት ከ5.2 ቤተሰብ የመጨረሻውን አምጣ፣ ወደ 6 አትሻገር ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ደግሞ የ«ይበልጣል» ምልክት ናት። ጃንጎ>=5.2 ብላችሁ ያለ ጥቅስ ምልክት ከጻፋችሁ፣ ተርሚናሉ ምልክቷን «ውጤቱን ፋይል ውስጥ ጻፍ» ብሎ ይረዳታል። ፒፕ የሚያየው ጃንጎ የሚለውን ብቻ ስለሆነ የመጣለትን አዲስ ስሪት ይጭናል፤ ፎልደሩ ውስጥም =5.2 የሚባል ፋይል ይፈጠራል። ስህተት ስለማያወጣ ሳምንት ሳይታወቅ ይከርማል። ምልክቷን ከተጠቀማችሁ ሁሉንም በጥቅስ ውስጥ አድርጉት።

የፓኬጁን ስም ደግሞ ፊደል በፊደል አጣሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 የስሎቫኪያ ብሔራዊ የደህንነት ባለሥልጣን ፓይፒአይ ላይ ስማቸው ከታወቁት ጋር የሚመሳሰል አሥር የሐሰት ፓኬጆች አግኝቶ ነበር፤ አንዱ ሴትአፕቱልስ መሃል ላይ ሰረዝ የገባበት ነው።

ሥራው ከተስተካከለ የተጫኑትን ፓኬጆች ዝርዝር በፋይል አስቀሩት፦

ፒፕ ፍሪዝ > ሪኳየርመንትስ.ቲኤክስቲ

ቬንቩ ውስጥ ሳትገቡ ፍሪዝ ካላችሁ ማሽኑ ላይ ያለው ፓኬጅ ሁሉ ይዘረገፋል። ፋይሉ 60 መስመር ከሆነባችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ቀጥሎ ማውረድ። ጎተራ የሚባል ፎልደር ስጡት፦

ፒፕ ዳውንሎድ -አር ሪኳየርመንትስ.ቲኤክስቲ -ዲ ጎተራ

ሲጨርስ ጎተራውን ከፍታችሁ ቁጠሩ። በፓይተን 3.12 ለጃንጎ ብቻ በሊኑክስ 3 ፋይል ይገኛል፦ ራሱ ጃንጎ፣ እሱ የሚፈልጋቸው አስጊሬፍና ኤስኪውኤልፓርስ። በዊንዶስ ቲዚዳታ (የሰዓት ክልሎች መረጃ) ይጨመርና 4 ይሆናል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ደክሞ ባዶ እጁን የሚቀረው፦ ሊኑክስ ላይ አውርዶ ዊንዶስ ላይ ሲጭን ቲዚዳታ የለም። ለሌላ ሲስተም ማውረጃ -- ፕላትፎርም የሚባል አማራጭ አለ፤ ነገር ግን «ዊንዶስ ከሆነ ይህን ጨምር» የሚለውን ሕግ ፒፕ የሚመዝነው በሚያወርደው ማሽን ስለሆነ ቲዚዳታን አሁንም ይዘለዋል። ከዚያ ሁሉ፣ መጫኛው ማሽን ዊንዶስ ከሆነ ማውረጃውም ዊንዶስ፣ ያኛው ፓይተን 3.12 ከሆነ ይሄኛውም 3.12 ይሁን። ኖምፓይ (የቁጥር ስሌት ፓኬጅ) እና ፒሎው ላይ የግድ ነው፤ የፋይላቸው ስም ላይ ሲፒ312 የሚል ካለ ለ3.12 ብቻ የተሠራ ነው።

የኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ያሉት አሮጌ የዊንዶስ 7 ማሽኖች ከሆኑ ጣሪያው ፓይተን 3.8 ነው። ለ3.8 የመጨረሻው ጃንጎ 4.2፣ የመጨረሻው ፓንዳስ 2.0.3 ነው፤ ከዚያ በላይ መሞከር ድካም ነው።

ማውረዱ መሃል ላይ ከተቋረጠ፦ ፒፕ መልስ የሚጠብቀው 15 ሰከንድ ነው። -- ታይምአውት 100 ብላችሁ ጨምሩለት። ወርደው ያለቁት ካሽ (ማሽኑ ላይ ያለ ጊዜያዊ ማከማቻ) ውስጥ ስለሚቀመጡ ትእዛዙን ስትደግሙ ከካሽ ይወጣሉ፤ በግማሽ የቀረው ግን በቆዩት ስሪቶች ከዜሮ ይጀምራል። ከፒፕ 25.1 ጀምሮ ካቆመበት እንዲቀጥል የሚያደርግ -- ሪዙም-ሪትራይስ የሚባል አማራጭ አለ። ፒፓችሁ አሮጌ ከሆነ ከ10 ሜጋባይት በላይ የሆኑትን፣ እንደ ኖምፓይና ፓንዳስ ያሉትን፣ አንድ በአንድ አውርዱ።

ሰርቲፊኬት ቬሪፋይ ፌይልድ (የድረ ገጹን ማረጋገጫ ማጣራት አልተቻለም) ካለ ኔትወርኩን ከመርገማችሁ በፊት የኮምፒውተሩን ቀን እዩ። የማዘርቦርድ ባትሪው ያለቀበት ማሽን ወደ ኋላ ይመለሳል። አንዳንዴም ሰው ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ሞልቶት 2018 ተብሎ ይገኛል፤ እንዲህ ላለ ማሽን የዛሬው ሰርቲፊኬት ገና አልተሰጠም። በፈረንጆቹ ቀን አስተካክሉትና ድገሙ።

ፍላሹ ላይ ሦስት ነገር ይግባ፦ ጎተራ፣ ሪኳየርመንትስ ፋይሉና የዚያው ስሪት የፓይተን መጫኛ። ቬንቭ የሚለውን ፎልደር ግን አትውሰዱት፤ ውስጡ የእናንተ ማሽን ሙሉ አድራሻ ስለተጻፈ ሌላ ቦታ አይሠራም። ፓይተኑን ስትጭኑ ፓዝ ላይ ጨምር የምትለዋን ሳጥን ምልክት አድርጉባት። ከዚያ በእያንዳንዱ ማሽን ቬንቭ ፈጥራችሁ፣ ገብታችሁ፦

ፒፕ ኢንስቶል -- ኖ-ኢንዴክስ -- ፋይንድ-ሊንክስ ጎተራ -አር ሪኳየርመንትስ.ቲኤክስቲ

ኖ-ኢንዴክስ ማለት ኢንተርኔት አትፈልግ ማለት ነው፤ ከረሳችሁት ፒፕ የሌለ ኔትወርክ እየሞከረ ያቆያችኋል። ኖ ማቺንግ ዲስትሪቢውሽን ካለ የጠቀሰውን ስም ጎተራው ውስጥ ፈልጉ፦ ከሌለ ሳይወርድ ቀርቷል፤ ካለ የፓይተኑ ስሪት ወይም 32 ቢት መሆኑ አልገጠመም። ቪዥዋል ሲ++ 14 ያስፈልጋል የሚል ከመጣ ደግሞ ለዚያ ፓይተን የተዘጋጀ ፋይል ስላልነበረ የወረደው ጥሬ ኮዱ ነው። ባሕር ዳር ሳላችሁ ማውረጃው ላይ -- ኦንሊ-ባይነሪ=:ኦል: ብትጨምሩ ይህ ስህተት መንገድ ሳትጀምሩ እዚያው ይታያል።

መጨረሻ ላይ ፒፕ ቼክ በሉ። ኖ ብሮክን ሪኳየርመንትስ ፋውንድ ካለ የጎደለ የለም። በኋላ አዲስ ፓኬጅ ሲጨመር ፍሪዙን ድገሙ፤ የድሮውን ጎተራ ባዶ አድርጋችሁ እንደገና አውርዱት።