የቆየ የርችት ማሸጊያን ዕድሜ የመለየት ዘዴ

ያገለገለ የርችት ማሸጊያ የገዛ ሰው በቅድሚያ ውስጡ ባዶ መሆኑን ይመልከት፤ ያልተከፈተ ከሆነ ወይም ባሩድ ከፈሰሰበት ሳይነካካ ከሙቀት ርቆ እንዲቆይ አድርጎ የእሳት አደጋ ባለሙያዎችን መጥራት ይኖርበታል።

የዕድሜው ፍንጭ የሚገኘው ከሥዕሉ ይልቅ በጥቃቅን ጽሑፎቹ ነው፤ ዓይን የሚስበው ዘንዶ ወይም ነብር ለአሥርት ዓመታት ሳይለወጥ ሊታተም ይችላልና። አሜሪካ ከ1950 እ.ኤ.አ. መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ከቻይና ጋር የሚደረገውን ንግድ አግዳ ስለነበር፣ በዚያ ዘመን ለአሜሪካ ገበያ የተዘጋጀ ማሸጊያ ብዙውን ጊዜ የተሠራበት ቦታ አድርጎ የሚጠቅሰው በቻይና ጠረፍ ላይ ያለችውንና ያኔ በፖርቱጋል ሥር የነበረችውን ማካውን ነው። የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1966 በመሆኑ፣ «ዲ ኦ ቲ» የሚለው ምሕጻር ያለበት መለያ ከዚያ ሊቀድም አይችልም። የባሩዱን መጠን በ50 ሚሊግራም የሚገድብ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ መታተሙን ያመለክታል፤ የባርኮድ መስመሮችም በመደብሮች ሥራ የጀመሩት በ1974 ነው።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምተማመነው በወረቀቱ ነው። ከ1950 ገደማ በፊት የተሠራ ወረቀት በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚያበራ ማንጫ ኬሚካል ስለማይጨመርበት፣ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ የሚያበራ «ጥንታዊ» መለያ በኋላ የታተመ ቅጂ መሆኑ ሊጠረጠር ይገባል።