ወደ ሐይቁ ያጋደለ ግንብ፦ ችግርና መፍትሄ ለጣና ዳር ባለይዞታዎች

ይህ ጽሑፍ ባሕር ዳርና አካባቢዋ ውሃ ጠርዝ ላይ ሎጅ፣ መዝናኛ ወይም መኖሪያ ቤት ላላቸው ነው። አሸንዳው እንደማያፈስ፣ የግቢው ቦይም በቆሻሻ እንዳልተደፈነ አይታችኋል ብዬ ልነሳ።

ግንቡ ወደ ሐይቁ አጋድሏል፣ ወይም መሃሉ ሆዱን ነፍቷል

ከሁሉ በብዛት የምጠራው ለዚህ ነው። ባለቤቱም ሁልጊዜ «ማዕበሉ ጣለብኝ» ይላል። ማዕበል ብቻውን ቢገፋው ኖሮ ግንቡ ወደ ግቢው ነበር የሚያጋድለው። ወደ ሐይቁ ከዞረ ወይ እግሩ ሥር ተቦርቡሯል (ወደ በኋላ እመለስበታለሁ)፣ ወይ ከጀርባው ውሃ እየገፋው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው።

ጣና ክረምቱን እየሞላ ሄዶ በመስከረም ግድም ጫፉ ላይ ይደርሳል። ያኔ ግንቡን ከፊትም ከኋላም ውሃ ስለያዘው ደህና ይመስላል። ከዚያ ሐይቁ ይሸሻል፤ ከጀርባ ያለው ዋልካ ግን የጠጣውን ቶሎ አይለቅም፣ ሲርስም ያብጣል። ከጀርባ የቆመ 1 ሜትር ውሃ እያንዳንዱን የግንብ ሜትር በግማሽ ቶን ይገፋዋል። ከፍታው 2 ሜትር ሲሆን ግፊቱ 2 ቶን ይደርሳል፤ ከፍታው እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ማለት ነው። ነሐሴ ላይ ማዕበሉን የቻለ ግንብ ኅዳር ላይ በጠራራ ፀሐይ የሚወድቀው ለዚህ ነው።

ለማረጋገጥ ከግንቡ 2 ሜትር ያህል ወደ ግቢው ገባ ብላችሁ ጉድጓድ ቆፍሩና አሳድሩት። የጉድጓዱን ውሃና የሐይቁን ወለል በውሃ ልክ አነጻጽሩ። የጉድጓዱ በደንብ ከፍ ካለ ምክንያቱ ተገኝቷል።

አንድ የሎጅ ባለቤት ግንቡ ሲወድቅበት ወፍራም አሠራ። እሱም ወደቀ፤ ይበልጥ አወፈረው። ስናፈርሰው ከዳር እስከ ዳር አንድ የውሃ መውጫ የለም፤ ከጀርባው ደግሞ ጠዋትና ማታ ውሃ የሚጠጣ ሣር አለ። ሌላ ቦታ ቱቦዎቹ ነበሩ፣ ለሳሹ ግን «አያምርም» ብሎ በሲሚንቶ ደፍኗቸዋል። ሌላ ግቢ ዘበኛው አይጥ እንዳይገባ ጨርቅ ወትፎባቸዋል። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ለተቆጣጣሪ ማሳያ የሚደረገው ነው፦ ስንዝር የማትሞላ ቁራጭ ቱቦ ከፊት ተሰክታ ከኋላዋ ድፍን ድንጋይ። ይህን የሚሠራ ግንበኛ አያውቅም አይባልም፤ ያውቃል።

መፍትሄው ግንቡን ማወፈር አይደለም፣ ውሃውን ማስወጣት ነው። መጀመሪያ የጀርባውን አፈር ከላይ ወደ ታች አንሱ። ያጋደለ ግንብ እግሩ ሥር ገብታችሁ አትቆፍሩ፤ የቀን ሠራተኛም አታስገቡ። የጀርባው ጭነት ሳይነሳ ከፊት የተቆፈረ ግንብ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚወርደው። አፈሩ ሲነሳ ከግንቡ ጀርባ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ንጹሕ ጠጠር ከታች እስከ ላይ ሙሉ። በጠጠሩና በአፈሩ መካከል ጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር) ጨርቅ አልብሱ፤ የማዳበሪያ ከረጢት በምትኩ አይሆንም። ባለ 75 ሚሊ ሜትር ቱቦ በየ1.5 እስከ 2 ሜትር፣ ወደ ሐይቁ ዘንበል ብሎ፣ ግንቡን ከፊት እስከ ጀርባ በስቶ ጠጠሩ ውስጥ ይግባ። ጨርቁ ከቀረ ውሃው አፈሩን ይዞ ይወጣል፤ ግንቡ ይቆማል፣ ሣሩ ግን ይሰምጣል። የተቆፈረውን ዋልካ መልሳችሁ አትሙሉ፤ ገረገንቲ አስመጡ። የጣሪያውም ውሃ ከግንቡ ጀርባ አይፍሰስ።

በጣም ያጋደለ ወይም ከመሠረቱ የተሰነጠቀ ግንብ አይቀናም፤ ይፈርሳል።

እግሩ ሥር ተቦርቡሯል

ቀጥ ብሎ የቆመ ግንብ ማዕበሉን አይገድለውም፣ ይመልሰዋል። የተመለሰው ውሃ መሠረቱ ሥር ያለውን አሸዋ ይጠርጋል። ውሃው ሲሸሽ ክፍተቱን በእንጨት ለኩት። ጉድጓዱን በሸክላማ አፈር መድፈን ከንቱ ነው። ጂኦቴክስታይል ጨርቅ አንጥፋችሁ ትልልቅ ድንጋይ በሰያፍ ደርድሩ፣ ወይም ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ መረብ ሣጥን) አስቀምጡ።

ጋቢዮን ስትገዙ ሽቦውን በእጃችሁ እዩት። በቀላሉ የሚታጠፍ፣ ልባሱ የሚላጥ ሽቦ ከጥቂት ክረምት በኋላ ዝገት ነው። ድንጋዩ ከመረቡ ቀዳዳ የሚበልጥ፣ ከ15 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር፣ በእጅ የተደረደረ ይሁን። ከገልባጭ መኪና ዝም ብሎ የተዘረገፈ ጋቢዮን ውስጡ ባዶ ነው፣ ውሎ አድሮ ይቀመጣል።

ግንብ የለም፣ ዳርቻው በየዓመቱ እየተበላ ነው

ደንገሉን ማን ቆረጠው? እይታ ይጋርዳል ተብሎ ሥሩ ድረስ ይታጨዳል፣ በሚቀጥለው ክረምት አፈሩ ይሄዳል፣ ከዚያ ውድ ግንብ ይታዘዛል። ለእይታና ለጀልባ የሚበቃ ጠባብ በር ክፈቱ፣ የቀረውን ተዉት። የሄደውን ደንገል ሐይቁ ዝቅ ሲል መልሳችሁ ትከሉ። እምቦጭ ቦታውን አይተካም፤ ተንሳፋፊ ነው፣ አፈር አይዝም።

ሌሎች፣ ባጭሩ

ግንቡ ደህና ሆኖ ርዝመቱ የሚያበቃበት ጫፍ ላይ ያለው መሬት ከተበላ ጫፉን ወደ ግቢው አጥፋችሁ ቅበሩት፤ አለዚያ ጎረቤታችሁን ትጎዳላችሁ።

ሽንት ቤቱ ክረምት ላይ ከመለሰ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ብሎ ነው። ሴፕቲክ ታንኩን በነሐሴና በመስከረም ሙሉ በሙሉ አታስመጥጡ፤ ባዶ ታንክ ከመሬት ይነሳል።

ሐይቁ ሞልቶ ሳለ ግቢውን በፓምፕ ማድረቅ ትርፉ ነዳጅ ነው። ውሃ በገባበት ግቢ የመብራት ማከፋፈያው ሳይጠፋ ማንም ውሃ ውስጥ አይግባ።

ሐዋሳ ላላችሁ፦ ሐይቃችሁ በገጸ ምድር መውጫ የለውም። ጣና በዓባይ ይወጣል፣ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በጨረጨራ ግድብ ይመጠናል። የናንተው ግን አንዴ ከፍ ካለ ለዓመታት ከፍ ብሎ ሊቆይ ስለሚችል ከግንብ በፊት የቤቱን ወለል ከፍታ አስቡ።

ሥራውን ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሐይቁ ዝቅ ባለበት ጨርሱ፤ ፈቃዱን ግን ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። ቱቦዎቹን ሰኔ ከመግባቱ በፊት አንዴ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ ደግሞ አንዴ በሽቦ ጎርጉሯቸው።