አካል ጉዳተኛ ተማሪ ከቤቱ ሲፈተን፦ የፈተና ማመቻቸት እንዴት ይጠየቃል?

ማየት ለተሳነው ጓደኛዬ ለሦስት ዓመት ያህል የፈተና አንባቢ ሆኜ አገልግያለሁ። በመማሪያ ክፍል ውስጥ ነገሩ ቀላል ነበር። እኔ አነባለሁ፣ እሱ ይመልሳል፣ እኔ እጽፋለሁ። የሌሎቹ ሰዓት ሲያልቅ ፈታኙ ወደ እኛ ቀና ብሎ «እናንተ ቀጥሉ» ይለናል። መጋቢት 2012 ላይ ኮሮና ዩኒቨርሲቲዎችን ሲያዘጋና ትምህርቱ ወደ ኢንተርኔት ሲዞር ግን «እናንተ ቀጥሉ» የሚል ሰው ጠፋ። ከመጀመሪያዎቹ የኢንተርኔት ፈተናዎች በአንዱ መምህሩ ቀድሞ በስልክ «ሰላሳ ደቂቃ ይጨመርልሃል፣ አታስብ» ብሎት ነበር። ልክ አራት ሰዓት ሲሆን ገጹ ተዘጋ፤ አሥራ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። መምህሩ አልዋሸም፤ ለኮምፒውተሩ ግን በሙሉ አልነገረውም።

የርቀት ፈተና ዋና ጣጣ ይኸው ነው። እጅ አውጥተው የሚያናግሩት ሰው ስለሌለ፣ የተፈቀደልዎ ነገር ሁሉ ከፈተናው ቀን በፊት ተጽፎ፣ ሲስተሙ ውስጥ ገብቶና ተሞክሮ ማለቅ አለበት። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተናም በኮምፒውተር ስለሚሰጥ፣ ከታች ያለው አብዛኛው ምክር ፈተናቸውን በማዕከል ተቀምጠው ለሚወስዱም ይሠራል።

1. ሕመሙን ሳይሆን እንቅፋቱን ይጻፉ

«የማየት ችግር አለብኝ» የሚል አቤቱታ ለመምህሩ የሚነግረው ነገር የለም። አዛኝ ከሆነ ያዝናል፣ ካልሆነ ያልፈዋል። «ከ18 ነጥብ ያነሰ ፊደል አላነብም፤ ስክሪን በተከታታይ ከ20 ደቂቃ በላይ ማየት ስለማልችል ሰዓቱ የሚቆምበት ዕረፍት ያስፈልገኛል» ሲሉት ግን ምን ማድረግ እንዳለበት ወዲያው ይገባዋል።

እንቅፋቱ እንደየሰው ይለያያል። በስክሪን ሪደር (ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) የሚሠራ ተማሪ ጥያቄውን ከነምርጫዎቹ ከላይ እስከ ታች በጆሮው ይሰማል፤ ዓይን ወደ ምርጫ «ሐ» ዘልሎ እንደሚመለሰው ጆሮ ስለማይዘል ጊዜ ይፈጅበታል። መስማት ለተሳነው ተማሪ የጽሑፍ ፈተናው ላይከብደው ይችላል። የሚያመልጠው መምህሩ በመካከል በድምፅ የሚናገረው ነው፤ «ተራ ቁጥር 7 ላይ ስህተት አለ፣ አርሙ» ተብሎ ሁሉም ሲያርም እሱ የተሳሳተውን ጥያቄ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ማሳሰቢያ ሁሉ በጽሑፍ እንዲመጣ ወይም የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ በቪዲዮው ላይ እንዲኖር ነው። እጁ እንደልብ የማይታዘዝለት ሰው በማውስ እየጎተቱ የሚያዛምዱት ዓይነት ጥያቄ እንዲቀየርለት ይጠይቅ። የስኳር ወይም የሚጥል ሕመም ያለበትም ዕረፍት የመጠየቅ መብት አለው፤ አካሉ ላይ የሚታይ ነገር ባለመኖሩ ማፈር የለበትም።

ተጨማሪ ሰዓት ብዙውን ጊዜ የሚሰላው አንድ ተኩል ወይም እጥፍ ተብሎ ነው፤ የ60 ደቂቃው ፈተና 90 ወይም 120 ይሆናል። የትኛው እንደሚበቃዎ በግምት አይወስኑ። አንድ የቆየ ፈተና ወስደው፣ በሚጠቀሙበት መሣሪያ ቤትዎ ሠርተው በሰዓት ይለኩት።

2. ደብዳቤውን ይጻፉ

የሐኪም ማስረጃ ሲያወጡ ሐኪሙ የበሽታውን ስም ብቻ ጽፎ እንዳይሰጥዎ ያስታውሱት። ትምህርት ክፍሉ የበሽታውን የላቲን ስም አያውቀውም፤ ማወቅም አይጠበቅበትም። የሚፈለገው ችግሩ በማንበብ፣ በመጻፍ ወይም በመቀመጥ ላይ የሚያስከትለው ነገር ነው።

ከሕግ ወገን የሚጠቅሱት አለዎት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41(5) መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ እንዲመድብ ይላል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 24 የከፍተኛ ትምህርትን ይጨምራል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011ም ተቋማትን የሚመለከት ግዴታ ይዟል። «አቅም ሲፈቅድ» የሚል መልስ ቢሰጥዎ አይደናገጡ። ሊፍት መትከል በጀት ይፈልጋል፤ ሰላሳ ደቂቃ መጨመር ግን የአንድ መምህር ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ለምሳሌ እንዲህ፦

ለ_______ ትምህርት ክፍል
ጉዳዩ፦ የፈተና ማመቻቸት ስለመጠየቅ
ማየት የተሳነኝ የ3ኛ ዓመት ተማሪ ስሆን የምፈተነው በስክሪን ሪደር ነው። ግንቦት 12 ቀን ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት (በኮምፒውተሩ አቆጣጠር 9፡00) በኢንተርኔት ለሚሰጠው የ60 ደቂቃ ፈተና የጊዜ ገደቡ 120 ደቂቃ እንዲሆንልኝ፤ ገጹ የሚዘጋበት ሰዓት ወደ ረፋዱ 5፡15 (11፡15) እንዲዛወርልኝ፤ ሥዕልና ሰንጠረዥ በቃላት እንዲገለጽልኝ፤ ከፈተናው ሦስት ቀን በፊት መሞከሪያ ገጽ እንዲከፈትልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የሐኪም ማስረጃ አያይዣለሁ።
ግልባጭ፦ ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ድጋፍ ክፍል

ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር መጻፌን ልብ ይበሉ። እኛ «ሦስት ሰዓት» የምንለውን ሲስተሙ «9፡00» ይለዋል። አንድ ሰው ቸኩሎ «3፡00» ብሎ ከሞላ ፈተናው በሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተከፍቶ ተዘግቶ ያድራል። የሚያስቅ ስህተት ነው፤ የሚደርስበት ሰው ግን አይስቅም።

መምህሩ በስልክ ወይም በቃል ከተስማማ በዚያው ቀን በኢሜይል ወይም በቴሌግራም «ዛሬ በስልክ እንደተነጋገርነው...» ብለው ይጻፉለትና «እሺ» የሚል መልስ ይቀበሉ። ያቺ «እሺ» በኋላ ትፈለጋለች።

አሜሪካ ለሚማሩ ወይም እዚያ ልጅ ለሚያስተምሩ አንድ ነገር ላክል። አካል ጉዳተኛን ከአድልዎ የሚጠብቁት የአገሪቱ ሕጎች በ1973 እና በ1990 (እ.ኤ.አ.) የወጡ ጠንካራ ሕጎች ናቸው፤ ነገር ግን እስከ ሁለተኛ ደረጃ ድረስ ትምህርት ቤቱ ራሱ ልጁን ፈልጎ ያገለግል የነበረው አሠራር ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ያበቃል። ተማሪው ራሱ ወደ አካል ጉዳተኞች አገልግሎት ቢሮ ሄዶ መመዝገብ አለበት። በሁለተኛ ደረጃ የተዘጋጀለት የድጋፍ ዕቅድ አብሮት አይሻገርም፤ ወላጅ ደውሎ የሚያስፈጽመው ጉዳይም አይሆንም። ካለፈ ፈተና በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ ማመቻቸት ማግኘትም አስቸጋሪ ነው፤ ስለዚህ ምዝገባው ሴሚስተሩ ሲጀምር ይሁን።

3. ሁለቱ ሳጥኖች

የጓደኛዬን ፈተና ያበላሸው ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርትና ፈተና በኢንተርኔት ለመስጠት የሚጠቀሙበት ሶፍትዌር፣ ሙድል፣ ለእያንዳንዱ ፈተና ሁለት የተለያዩ ሰዓቶች አሉት። አንዱ የጊዜ ገደብ ነው፤ ተማሪው ከጀመረ በኋላ ስንት ደቂቃ እንዳለው ይወስናል። ሁለተኛው የመዝጊያ ሰዓት ነው፤ ፈተናው ለሁሉም የሚቆለፍበት ማለት ነው። መምህሩ ለአንድ ተማሪ ብቻ የተለየ ሰዓት መሙያ ገጽ አለው፤ የተማሪውን ስም መርጦ አዲሱን ቁጥር ያስገባል። ስህተቱ የሚመጣው የመጀመሪያውን ሳጥን 120 ደቂቃ አድርጎ ሁለተኛውን ሲረሳ ነው። ሁለቱ ሲጋጩ የሚያሸንፈው መዝጊያው ስለሆነ፣ ስክሪኑ ላይ «120 ደቂቃ» ተብሎለት የጀመረ ተማሪ በ60ኛው ደቂቃ ይባረራል።

መምህሩን «ሰዓቱን ጨምረውልኛል?» ብለው አይጠይቁት፤ «አዎ» ይላል፣ አምኖበትም ነው። «የጊዜ ገደቡም የመዝጊያው ሰዓትም ተቀይረዋል? ገጹን ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ» ይበሉት። የበዛብዎት ከመሰለዎት አሥራ አንዱን ጥያቄ ያስቡ።

ፈተናው በጉግል ፎርም ከሆነ ደግሞ ቅጹ ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚቆጥር የራሱ ሰዓት ቆጣሪ የለውም፤ ሲዘጋ ለሁሉም ይዘጋል። ያኔ መፍትሔው ለእርስዎ ለብቻው የተባዛ ቅጽ መላክ ነው።

4. መሞከሪያውን ይፈተኑ

አምስት ጥያቄ ያለው መሞከሪያ ይበቃል፤ ውጤት የሌለው ይሁን፣ ነገር ግን በእውነተኛው ፈተና የሚመጣ የጥያቄ ዓይነት ሁሉ ይኑርበት። በማውስ ሳይነኩ በኪቦርድ ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሂዱበት። ጥያቄው ወረቀት ላይ ተጽፎ ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ከሆነ ለስክሪን ሪደር ፎቶግራፍ ነው፤ «ባዶ» ብሎ ያልፈዋል። ሥዕል፣ ቀመርና ካርታም እንዲሁ። ሌላ ፕሮግራም እንዳይከፈት የሚቆልፍ የፈተና መተግበሪያ ካለ ስክሪን ሪደሩን ራሱን ሊዘጋው ስለሚችል፣ የዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ባለሙያ አስቀድሞ እንዲፈቅድለት ያስፈልጋል።

ስክሪን ሪደር ከሌለዎት ኤንቪዲኤ በነጻ የሚወርድ ነው፤ በ2006 (እ.ኤ.አ.) አንድ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ ጀምሮት ሌላ ዓይነ ስውር ጓደኛው የተቀላቀለው ሥራ ነው። አብሮት የሚመጣው ድምፅ አማርኛም ያነባል፤ እንደ ብረት ቢንኳኳም ይለመዳል። በኤጅ ማሰሻ ላይ «መቅደስ» እና «አምሃ» የተባሉ ለጆሮ የሚጥሙ ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉ፤ ኢንተርኔት ከተቋረጠ ግን አይናገሩም። ፈተናው በአማርኛ ከሆነ ሌላ ነገር ያስቡበት። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ ስለማይጽፍ ማሽኑ «አለ» የሚለውን «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» አያውቅም፤ «ገና» በዓሉ ይሁን ጊዜው አይለይም። እንዲህ ያለ ቃል ላይ መልስ የሚንጠለጠል ከሆነ ሰው አንባቢ ይሻላል።

5. አንባቢና ካሜራ

ሰው አንባቢ ከመረጡ ስሙን አስቀድመው አስመዝግበው፣ ክፍሉ ውስጥ ሁለተኛ ሰው እንደሚኖር በጽሑፍ ያስፈቅዱ። ተፈታኝን በካሜራ የሚከታተል ሶፍትዌር ሁለተኛ ድምፅ ሲሰማ፣ ዓይን ከስክሪን ሲርቅ ወይም ሰው ደጋግሞ ሲንቀሳቀስ «ጥርጣሬ» ብሎ ይመዘግባል። ማየት የተሳነው ሰው ዓይን ስክሪን ላይ የሚያርፍበት ምክንያት የለውም፤ ማሽኑ ግን ይህን አያውቅም። ስለዚህ የካሜራው ሪፖርት ለብቻው ማስረጃ እንዳይሆን ወይም በሶፍትዌሩ ምትክ ሰው በቪዲዮ እንዲከታተል ይጠይቁ።

አንባቢው የእርስዎን ትምህርት የሚያጠና ባይሆን ይመረጣል። እኔ ሌላ ትምህርት ክፍል ነበርኩ፤ እንደዚያም ሆኖ በጣም የለፋሁበት ነገር ትክክል የመሰለኝ ምርጫ ላይ ስደርስ ድምፄ ከፍ እንዳይል መቆጣጠር ነበር። ጓደኛዬ አንድ ቀን «ዛሬ ምርጫ ‹መ› ን ወደድከው» ብሎ አፌዘብኝ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ምርጫ እንደ ስልክ ቁጥር አንድ ወጥ አድርጌ ማንበብ ለመድኩ። የጥያቄው ቃል ባይገባው እንኳ አንባቢ ደግሞ ያነባል እንጂ አያብራራም።

6. በፈተናው ቀን

ላፕቶፑና ስልኩ ሌሊቱን ቻርጅ ይደሩ፤ መብራት ቢጠፋ የስልኩ ዳታ ላፕቶፑን ያገናኛል። ጥቅሉን ማታውኑ ይግዙ። በዚያ ሰዓት የሚያነሳ ሰው ስልክ ቁጥር ይኑርዎ፤ የመምህሩ ካልሆነ የኮምፒውተር ባለሙያው።

ግንኙነቱ ከተቋረጠ ሙድል እስከዚያ የመለሱትን አብዛኛውን ያስቀምጠዋል፤ ሰዓቱ ግን መቁጠሩን አያቆምም። ወዲያው ስክሪኑን ፎቶ አንስተው «4፡10 ላይ ተቋረጠ» የሚል አጭር መልእክት ይላኩ። በማግስቱ ከሚጻፍ የሁለት ገጽ አቤቱታ ይልቅ በደቂቃው የተላከ አንድ መስመር ይታመናል።

7. እንዲያም ሆኖ ከተበላሸ

በ24 ሰዓት ውስጥ ለመምህሩ ይጻፉ፣ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ግልባጭ ያድርጉ። የሚጠይቁት ነጥብ እንዲጨመርልዎ ሳይሆን በተፈቀደልዎ ሰዓት ዳግም እንዲፈተኑ ይሁን። ነጥብ መጨመር የመምህሩን ችሮታ ይጠይቃል፤ ዳግም መፈተን ግን ቀድሞ የተፈቀደው እንዲፈጸም መጠየቅ ብቻ ስለሆነ እምቢ ለማለት ይከብዳል። ኃላፊው ካልመለሰ ለዲኑ ይቀርባል። ግቢው ውስጥ በሩ ሁሉ ከተዘጋ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምና የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አቤቱታ ይቀበላሉ። እዚያ ሲደርሱ ደብዳቤውን፣ ያቺን «እሺ»፣ የሁለቱን ሳጥኖች ፎቶና የፈተናውን ቀን መልእክት ይዘው ይሂዱ።

ጓደኛዬ ዳግም ተፈትኖ አለፈ። በሚቀጥለው ወር ሌላ ፈተና ሲመጣ ግን ሰዓቱ እንደገና 60 ደቂቃ ሆኖ አገኘነው። ሙድል ላይ ለአንድ ተማሪ የተሞላው የተለየ ሰዓት ለዚያ ፈተና ብቻ ነው፤ ለሚቀጥለው እንደ አዲስ ይሞላል። እኛም ስልኩ ላይ ማስታወሻ ሞላን፤ ፈተና ሦስት ቀን ሲቀረው ይጮሃል፣ እሱም ለመምህሩ ያቺኑ መልእክት ይልካል፦ «የጊዜ ገደቡም የመዝጊያው ሰዓትም ተቀይረዋል?»